ዓይን ስለማያየው ነገር የሚሰጥ ቃል

ሰው ወደ ገበያ ወጥቶ ነገር በሚገዛበት ጊዜ ዕውቀቱ በሦስት መንገድ ይመጣለታል። አንደኛው በገዛ ሕዋሳቱ የሚያገኘው ነው፤ ቅቤውን አሽትቶ፣ ማሩን ቀምሶ፣ ስንዴውን በመዳፉ ዘግኖ ይመለከታል። ሁለተኛው በመሣሪያ የሚያገኘው ነው፤ ሚዛን ክብደቱን፣ ቁና ስፍሩን ይነግረዋል። ሦስተኛው ግን ሻጩ በአፉ ከሚናገረው ቃል በቀር ሌላ ምንጭ የለውም። እህሉ በየትኛው ማሳ እንደ በቀለ፣ ማሳውም በምን እንደ ለማ፣ አረሙ በእጅ ተነቅሎ ወይም በመድኃኒት ተቃጥሎ እንደ ሆነ እህሉ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ በዚህ በሦስተኛው መንገድ የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋራ የሻጩንም ቃል ይገዛል። በገንዘብ የተሸጠ ቃል ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ምን ዓይነት በደል እንደ ተሠራ፣ በበደሉም ላይ ማን ዳኛ ሊሆን እንደሚገባው መመርመር የሕግ ዐዋቂም የመምህርም ሥራ ነው።

ይህ ጥያቄ ለሆሳዕናና ለሀዲያ፣ ለዱራሜና ለከምባታ ከተሞች ሩቅ አይደለም። አገሩ የእንሰትና የከብት አገር ነው። ከሌሞና ከዱና ደጋ ስንዴና ባቄላ፣ ከአንጋጫና ከዶዮገና ቆጮና ቡላ፣ ከሀደሮ ዝንጅብል ወደ ገበያ ይወርዳል። ቅቤው ግን ከሁሉ ይልቅ ስሙ የወጣ ነው፤ በእንግዳ ፊት የሚቀርበው አታካና እንኳ ያለ ቅቤ አይታሰብም። እንሰት በጓሮ ተተክሎ በከብት ፍግ የሚለማ ተክል ስለ ሆነ፣ ከብት የሌለው ቤት እንሰቱ ይመነምንበታል፤ እንሰት የሌለው ቤትም በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ለከብቱ የሚቈርጠው ቅጠል ያጣል። ይህን የመደጋገፍ ሥርዓት የአገሩ እናቶች ማንም ስም ሳያወጣለት፣ ማንም የምስክር ወረቀት ሳይጽፍለት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉት ኖረዋል።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቃልን የሚጠብቀው ጎረቤት ነበረ። ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ገበያ የምታመጣይቱን ሴት ገዢዋ በስሟ ያውቃታል፤ ላሞቿ ስንት እንደ ሆኑ፣ የወለደችው ላም የትኛዋ እንደ ሆነች ይነገራል። ደንበኛ ማለትም እንዲህ ያለ የቈየ መተዋወቅ ነው። ደግሞም የዚህ አገር ሴቶች ዊጆ የሚሉት የቅቤ ዕቁብ አላቸው፤ ማኅበርተኞቹ ቅቤ እየሰፈሩ በየተራቸው ለአንዲቱ ይሰጣሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ባዕድ ነገር ጨምራ ብታመጣ ቅቤው ሲነጠር ይታወቅባታል፤ ከዚያ በኋላ የራሷ ተራ ሲደርስ በማኅበርተኞቿ ፊት የምትቆምበት ፊት ከወዴት ታገኛለች? ቅጣቱ እፍረት ነበረ፤ ዳኛውም ነገ ደግሞ የሚገናኙት ሰው ነበረ።

ነገር ግን መንገዱ ረዘመ። ከሆሳዕና የተነሣ ቅቤ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ ቅቤ ተራ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። አምራቿ በልተው የሚያመሰግኗትን ሰዎች አታያቸውም፤ የሚበሉትም እርሷን አያውቋትም። እፍረት ደግሞ የሚተዋወቁ ሰዎች ገንዘብ ስለ ሆነ፣ መተዋወቁ በተቈረጠበት ስፍራ ኀይሉ ይደክማል። በቅቤ ላይ ሙዝና የረጋ ዘይት፣ በማር ላይ ስኳር፣ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ በእንጀራ ላይ ሰጋቱራና ጄሶ ተቀላቅሎ መገኘቱ በልዩ ልዩ ከተሞች በየጊዜው መሰማቱ ከዚህ የተነሣ ነው። መንግሥትም ጎረቤት ሊጠብቀው ያልቻለውን ሊጠብቅ ገባ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ምግብን በባዕድ ነገር የሚበክለውን ይቀጣል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከለከለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣውም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብን ደኅንነትና በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን ቃል ለመቈጣጠር ታወጀ።

አሁን ግን ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነገር መጥቷል፤ ይኸውም «ኦርጋኒክ» የተባለው ቃል ነው። ትርጓሜው በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይነካው፣ የዘሩም ባሕርይ በሰው ጥበብ ሳይለወጥ፣ የአፈሩ ሕይወት በፍግ፣ በብስባሽና ሰብልን በማፈራረቅ ተጠብቆ የተገኘ ፍሬ ማለት ነው። ይህ ቃል በታላላቅ ከተሞች በማር ጠርሙስ፣ በሽሮ ከረጢት፣ በቡላ ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ዋጋንም ከፍ ያደርጋል። ልዩነቱን አንባቢ ያስተውል። በቅቤ ውስጥ ሙዝ የገባ እንደ ሆነ በእሳት ሲነጠር ይገለጣል፤ በማር ውስጥ ስኳር የገባ እንደ ሆነ የመርማሪው ላቦራቶሪ ያገኘዋል። በዩሪያ የበቀለ ስንዴና በፍግ የበቀለ ስንዴ ግን በአንድ ወፍጮ ቢፈጩ ዱቄታቸው ለዓይንም ለምላስም አንድ ነው። የፀረ ተባይ ቅሪት አንዳንድ ጊዜ በምርመራ ይገኛል፤ ማዳበሪያው ግን በተራ ምርመራ የሚያዝ ምልክት አይተውም። እንግዲህ ኦርጋኒክ ማለት የዕቃውን ታሪክ የሚመሰክር ቃል ሆነ። ታሪክን ደግሞ በእሳት ማንጠር አይቻልም።

ምስክርነትን የሚመለከት ሕግ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ምስክር የሚታመነው ራሱ የታወቀ እንደ ሆነ፣ ወይም የታወቀ ዋስ የቆመለት እንደ ሆነ ነው። ስለ ኦርጋኒክ ምግብ የወጡት ሕጎች ሁሉ ይህንኑ ዋስ ለማቆም የተደረጉ ናቸው። መርማሪው ፍሬውን ትቶ የፍሬውን መንገድ ይከተላል። በአሜሪካ ሕግ ማሳው ከተከለከለው ነገር 36 ወር ሙሉ ሳይነካው መቆየት አለበት፤ ገበሬው የዘራውን፣ የጨመረውንና የሸጠውን ይመዘግባል፤ በየዓመቱ መርማሪ ይጐበኘዋል፤ የተመሰከረለት እህል ካልተመሰከረለት ጋራ በአንድ ጐተራ እንዳይቀላቀል ይጠበቃል። ይህን ሕግ ያስቀደሙት ዋናው መንግሥት ሳይሆን የየግዛቱ መንግሥታት ነበሩ። የኦሬጎን ግዛት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973፣ ካሊፎርንያም በ1979 ስለዚህ ቃል ሕግ አወጡ፤ የአገሪቱ ዋና መንግሥት ግን በ1990 አዋጁን አውጥቶ ደንቡን በሙሉ ሥራ ላይ ያዋለው በ2002 ነው። እስከ ዛሬም በካሊፎርንያ የኦርጋኒክ ገበሬ በግዛቱ መንግሥት መዝገብ ይጻፋል፤ የየወረዳውም የእርሻ ሹም ገበያ ድረስ ወርዶ ይመረምራል።

በኢትዮጵያ ደግሞ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ ኦርጋኒክ የሚለውን ስም በሚገባ ተሸክሞ ባሕር የተሻገረው ከሁሉ ይልቅ ቡናችን ነው፤ በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋ ጨፌ ዩኒየን የተመሰከረለትን ቡና ወደ ውጭ አገር ሲልኩ ኖረዋል። የምስክር ወረቀቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የውጭ አገር መርማሪ ድርጅቶች ናቸው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው የውጭ አገር ገዢ ነው። እንግዲህ በሐምቡርግ ቡና የሚጠጣ ሰው ስለ ጠጣው ነገር ዋስ የቆመለት ሲሆን፣ በገዛ አገሩ ከሱቅ ኦርጋኒክ የተባለ ማር የሚገዛ ሰው የማሸጊያውን ጽሕፈት ብቻ ይዞ ይመለሳል። ባዕዱ የሚጠበቅበት ቃል ለአገሩ ሰው ጌጥ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሊያሳስብ ይገባል።

በዚህ ስፍራ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ በዳዩ ማንን በደለ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የተበደለው ገዢው ነው ይላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገዢው የተበደለው በጥቂት ብር ነው፤ የበላው ምግብ ደግሞ ሆዱን ላይጐዳው ይችላል። ከእርሱ ይልቅ የተበደለችው በአንጋጫ ወይም በዶዮገና ደጋ ላይ እንሰቷን በፍግ የምታለማው ሴት ናት። እርሷ ቃሉን በድካሟ አግኝታዋለች፤ ሌላው ግን ሳይደክም ተሸከመው። ሐሰተኛው በበዛ ቍጥር ገዢው ሁሉንም መጠርጠር ይጀምራል፤ በተጠራጠረም ጊዜ ስለ እውነተኛው ዕቃ ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም፤ ዋጋ ካልተከፈለውም እውነተኛው ሻጭ ከገበያ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ሐሰት መጀመሪያ የእውነተኛውን ዋጋ፣ በኋላም ቃሉን ራሱን ይሰርቃል። የተሰረቀ ብር ሊመለስ ይቻላል፤ ኀይሉን ያጣ ቃል ግን በቶሎ አይመለስም። የእውነተኛውን ሚዛን ጥቅም የሚያስጠብቅ መንግሥት ገዢውን ብቻ የሚጠብቅ መስሎት እንደ ሆነ የሥራውን እኩሌታ አላወቀም።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ማዳበሪያ ሳይጨምር የሚያርስ ገበሬ ሁሉ ኦርጋኒክ ነኝ ሊል ይችላልን? አንዳንድ ሰዎች የአገራችን ገበሬ ድኻ ስለ ሆነ ማሳው ሁሉ በተፈጥሮው ንጹሕ ነው ይላሉ። ነገር ግን አጥቶ ሥጋ ያልበላ ሰው ጾመኛ አይባልም፤ ጾም መከልከል ብቻ ሳይሆን ፈቅዶ መከልከልና ሥርዓትን መጠበቅ ነውና። እንደዚሁም ብር ሲያጣ ማዳበሪያ ትቶ፣ ብር ሲያገኝ የሚጨምር ገበሬ በዚያ ዓመት ፍሬው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ስለሚመጣው ዓመት ግን የሚሰጠው ቃል የለውም። ከዚህም ጋራ ፍግ ሳይመልስ፣ ሰብል ሳያፈራርቅ፣ አፈሩን እያራቈተ የሚያርስ ሰው ማዳበሪያ ባለመጨመሩ ብቻ አፈሩን ጠበቀ አይባልም። የእንሰቷ ባለቤት ግን ከዚህ ልዩ ናት፤ ከከብቷ ወደ ጓሮዋ፣ ከጓሮዋ ወደ ከብቷ የምትመልሰው ልማድ በዕውቀትና በምርጫ የቆመ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ቃሉ ከማጣት ይልቅ ለመጠበቅ የተሰጠ ስም እንዲሆን ይገባል።

በዚህም ላይ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመር። ማዳበሪያ የጨመረ ገበሬ ኀጢአተኛ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በጎረቤት በወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው ማከፋፈል በጀመረ ጊዜ የተነሣበት ምክንያት ረኃብና የመሬት ጥበት ነበረ፤ በሀዲያና በከምባታም መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በስሪ ላንካ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ አገሩ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ቢከለክል የሩዙ ምርት እጅግ ወርዶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙን መልሶ ለማንሣት ተገደደ። ስለዚህ ዩሪያ ጨምሮ ልጆቹን ያጠገበ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ የሚያፍረው ዩሪያ ጨምሮ አልጨመርሁም ያለ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው እውነትን ነው እንጂ አንዱን አስተራረስ ከሌላው አስበልጦ ሊያመሰግን የቆመ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሕግ ማስፈጸም ለድኻው ሸክም ይሆናል፤ ስለዚህ ለየሰው ኅሊና ቢተው ይሻላል የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ ኀይል የሌለው አይደለም። ምርመራና ወረቀት ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ አንዲት ጥማድ የማትሞላ መሬት ያላት ሴት ብቻዋን ልትከፍለው አትችልም። በማኅበር ሆነው ቢከፍሉም እንኳ ሌላ ወሰን አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት በ2018 የወጣውና ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በአንድ የምስክር ወረቀት ሥር ከ2,000 በላይ አባሎች እንዳይኖሩት ወሰነ፤ ብዙ ሺህ አባል ላላቸው የአገራችን ማኅበራት ይህ መከፋፈልና እንደ ገና ወጪ ማለት ነው። ደግሞም የሕግ አስፈጻሚ እጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቅርብ ወዳለው ነው፤ በመንገድ ዳር የተቀመጠችው ሻጭ ቅቤዋ ይፈስሳል፣ ማሸጊያ የሚያሳትመው ነጋዴ ግን ከቢሮው አይነሣም። ፍርድ እንዲህ ያጋደለ እንደ ሆነ እርሱ ራሱ ሐሰተኛ ሚዛን ይሆናል።

ነገር ግን ሁሉን ለኅሊና መተው ኅሊና ያለውን ሰው ኅሊና ለሌለው አሳልፎ መስጠት ነው። ኅሊና የራስን እጅ ይገዛል፤ የጎረቤትን እጅ ግን አይገዛም። እውነተኛዪቱ ሻጭ እውነቷን በመናገሯ ብቻ ሐሰተኛው እንዲከስርባት አታደርግም፤ እንዲያውም እርሷ ትከስራለች። ስለዚህ ለኅሊና ክብር የሚሰጥ ሰው ኅሊና ያለው ሰው የማይጐዳበትን ሕግ ሊመኝ ይገባዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ሕግና ማኅተም ብቻ ይበቃሉ የሚል ሰው ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ይመልከት። በሚዙሪ ግዛት የነበረ አንድ እህል ነጋዴ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2010 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ከ142 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ እህል ሲሸጥ፣ ከዚያ የሚበዛው ኦርጋኒክ ያልሆነ ነበረ፤ በ2019 ከ10 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ያ ሰው የምስክር ወረቀት ያልነበረው አልነበረም፤ በእውነት የተመሰከረላቸው ማሳዎች ነበሩት፤ በእነርሱ ስም ሌላውን እህል ደባልቆ ሸጠ። ዋሱ ራሱ የሐሰት ልብስ ሆነለት። የአገሩ መንግሥት ከዚህና ከመሰሉ ነገሮች ተምሮ በ2023 ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በደላሎችና በአስመጪዎች ላይ ሁሉ እንዲፈጸም አደረገ። ደንቡ መልካም ነው፤ ሆኖም መርማሪ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፤ ጎረቤት ግን ዓመቱን ሁሉ አለ። ከጎረቤት ዓይን የተለየ ማኅተም በወረቀት ላይ የቀረ ቀለም ነው።

እንግዲህ ሁለቱ የተገናኙ እንደ ሆነ መልካም ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ገበሬዎች እርስ በርሳቸው ማሳ ለማሳ እየተጐበኙ፣ ገዢዎችንም በጉብኝቱ እያስገቡ፣ ስለ አንዱ ሌሎቹ የሚመሰክሩበት ሥርዓት አለ፤ ብራዚል ይህን ሥርዓት በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያጠፋውንም አስቀድሞ የሚያገኘው ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ነው። ዊጆን የሚያውቅ አገር ይህን እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ የንግድ፣ የጤናና የእርሻ ሹማምንት ከገበያው ብዙ ሳይርቁ ይኖራሉ። ቅርበታቸው ለእውነት የሚጠቅመው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ቃሉን በማሸጊያ ላይ አሳትሞ የሚሸጠውን ከየት እንዳመጣው አስረዳ ብሎ መጠየቅ፤ ብዙ የሚያተርፍበት እርሱ ነውና ሸክሙም በእርሱ ላይ ይጀምር። ሁለተኛ፣ በመንገድ ዳር የምትሸጠውን ከመቅጣት በፊት ማስተማር፤ ሰውን በሚጐዳ ባዕድ ነገር ላይ ግን ለማንም አለማድላት። ሦስተኛ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለ ጎረቤታቸው የሚሰጡትን ምስክርነት በመዝገብ ተቀብሎ ክብደት መስጠትና በሐሰት የመሰከረውን እንደ ሐሰተኛ ምስክር መቍጠር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ የሚቀር ነገር አለ። ሌሊት በማሳው መካከል ብቻውን የቆመ ሰው መድኃኒቱን ቢረጭ የሚያየው መርማሪ የለም፤ ጎረቤቱም ተኝቷል። በዚያች ሰዓት ቃሉን የሚጠብቀው ራሱ ነው። ሕግ እስከዚያች ሰዓት ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይገባም። ሆኖም እስከ ደጃፉ ማድረሱ ጥቂት ሥራ አይደለም፤ ሐሰት ትርፍ በማይሰጥበት ገበያ ውስጥ እውነትን መናገር ለደካማ ሰው ይቀለዋልና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ንጋት ግን ማንም ሳይጠብቀው ይመጣል፤ በገበያ ውስጥ ያለች እውነት ግን እስክትጠራ ድረስ የሚጠብቋት ሰዎች ያስፈልጓታል። የሐምበሪቾን ተራራ ከሩቅ እያየች ቅቤዋን ይዛ ወደ ዱራሜ ገበያ የምትወርደው ሴት ስለ ቅቤዋ የምትናገረው ቃል እንዲታመን ከሹሙም፣ ከነጋዴውም፣ ከገዢውም አንዳች ነገር ይፈለጋል፤ ይኸውም እርሷ ስለ እውነቷ የከፈለችውን ድካም ሐሰተኛው በነጻ እንዳይወስደው መጠበቅ ነው።